ከብርሃን የሚቀድም ዐይን

ስለ ጠፈር ጦርነት በተጻፉት ልብ ወለድ ታሪኮች ውስጥ ሰው ሁሉ የሚደነቀው በመድፉና በጨረሩ ነው፤ እኔን ግን ሁልጊዜ የሚያሳስበኝ ዐይኑ ነው። አንባቢ ሆይ፥ እስቲ ይህን ልብ በል። አንድ የጦር አዛዥ በጠፈር መንኰራኵሩ ውስጥ ቆሞ፥ «ጠላት የት ደረሰ?» ብሎ ይጠይቃል። ከጐኑ ያለው መኰንን የሚያበራውን ሰሌዳ አንድ ጊዜ ተመልክቶ የጠላትን ቦታና ፍጥነት ወዲያው ይነግረዋል። አዛዡም «ተኵስ!» ይላል፤ ጠላት ይቃጠላል። ጠላቱ የነበረው ግን በብዙ ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ነው፤ ብርሃን ራሱ ያን ያህል ለመጓዝ ብዙ ጊዜ ይፈጅበታል። እንግዲህ የመኰንኑ መሣሪያ ብርሃንን ቀድሞ የሚያይ መሆን አለበት ማለት ነው። ይህ ፈረንጆቹ ሴንሰር የሚሉት፥ የሩቁን አይቶ የሚጠቁም መሣሪያ፥ ደራሲዎች በአንድ መስመር የሚፈጥሩት፥ የፊዚክስ ሊቃውንት ግን ፈጽሞ የሚከለክሉት ነገር ነው።

በዚህ ዓመት የሳይንስ ክበባችን አባሎች አምቦ ላይ የሚነበብ አንድ የጠፈር ጦርነት ታሪክ በኅብረት ለመጻፍ ተነሥተን ነበርና፥ ገና የመጀመሪያውን ምዕራፍ ሳንጨርስ በዚሁ ዐይን ምክንያት ለሁለት ተከፈልን። አንደኛው ወገን «መንኰራኵራችን ከብርሃን የሚቀድም ዐይን ይኑረው፤ ያለዚያ ጦርነቱ አይጥምም» አለ። ሁለተኛው ወገን፥ እኔም ያለሁበት፥ «አይኑረው» አለ። ክርክሩ ለሁለት ወር ያህል ቈየ። ከዚህ በታች የማቀርበው ከዚያ ክርክር ያገኘሁትን ነው።

ነገሩን ለመረዳት ወደ ጠፈር መውጣት አያሻም። ከሸለቆ ማዶ ሰው እንጨት ሲፈልጥ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ምሳሩ ሲያርፍ ታየዋለህ፤ ድምፁ ግን የሚደርስህ ሰውየው ምሳሩን መልሶ ሲያነሣ ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ብቻ ስለሚሄድ፥ 680 ሜትር ማዶ ያለ ፈላጭ ድምፁ ሁለት ሰከንድ ያረጀ ነው። ዐይኑን ጨፍኖ በጆሮው ብቻ የሚፈርድ ሰው ምሳሩ አሁን የት እንዳለ ሊናገር አይችልም፤ ከሁለት ሰከንድ በፊት የት እንደ ነበረ ብቻ ይናገራል።

በጉደር በኩል በቆሎ ሲያሽት ማማ ላይ ወጥቶ ጦጣ የጠበቀ ልጅም ሌላውን ግማሽ ያውቃል። በወንጭፍ የሚወረወር ድንጋይ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል። ጦጣዋ ባለችበት ላይ የወረወረ ልጅ ድንጋዩን ለበቆሎው ያተርፋል። የለመደ ጠባቂ የሚወረውረው ጦጣዋ ወደምትደርስበት ነው። በጉግስም ላይ እንዲሁ ነው፤ ፈረሰኛው ዘንጉን የሚሰድደው ባላጋራው ካለበት ፊት አስቀድሞ ነው። ጐበዙ ባላጋራ ደግሞ ይህን ስለሚያውቅ ፈረሱን በድንገት ያጥፈዋል።

በጠፈር ውስጥ እነዚህ ሁለት ችግሮች አንድ ላይ ይመጣሉ። ብርሃን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከአምቦ አዲስ አበባ ለመድረስ የሰከንድ ሺኛ ግማሽ እንኳን አይፈጅበትም፤ ስለዚህ በምድር ላይ ስንኖር ያየነው ሁሉ «አሁን» ነው ብለን ብንል የሚከሰን የለም። ከጨረቃ ግን ወደ እኛ ለመድረስ 1.3 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ከፀሐይ 8 ደቂቃ ከ19 ሰከንድ ገደማ፤ ከማርስ እንደየጊዜው ከ3 እስከ 22 ደቂቃ። እ.ኤ.አ. በየካቲት ወር 2021 የአሜሪካኖቹ ፐርሲቪራንስ የተባለው ተሽከርካሪ ማርስ ላይ ሲያርፍ፥ ከማርስ አየር ገብቶ መሬት እስኪረግጥ 7 ደቂቃ ያህል ፈጀበት። ወሬው ወደ ምድር ለመድረስ ግን 11 ደቂቃ ያህል ይወስድ ነበር። መሐንዲሶቹ «መውረድ ጀመረ» የሚለውን ምልክት በተቀበሉ ጊዜ፥ ተሽከርካሪው አርፎ ወይም ተሰባብሮ፥ ነገሩ ካለቀ አራት ደቂቃ አልፎት ነበር። ያን ጊዜ ማንም ሰው ምንም ሊያደርግለት አይችልም ነበርና፥ መሣሪያው ራሱ እያየ ራሱ እየወሰነ እንዲወርድ ተደርጎ ነበር የተሠራው።

አሁን ወደ ጦርነቱ እንምጣ። የሚከተለውን ሒሳብ የሠራነው በክፍላችን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ነው፤ የዐሥራ አንደኛ ክፍል ፊዚክስ ይበቃዋል። ጠላት በ300,000 ኪሎ ሜትር ላይ አለ እንበል፤ ይህ ከጨረቃ ትንሽ ይቀርባል። የማየው ከአንድ ሰከንድ በፊት የነበረበትን ነው። የብርሃን ጨረር ብተኵስበት እስኪደርስ ሌላ አንድ ሰከንድ ይወስዳል። ስለዚህ ዕውቀቴና ጥይቴ አንድ ላይ በሁለት ሰከንድ ዘገዩ። ጠላት ሞተሩን አሥነሥቶ ፍጥነቱን በየሰከንዱ በ10 ሜትር ቢለውጥ፥ ይህም ከገደል የሚወድቅ ድንጋይ ፍጥነቱን ከሚለውጥበት ጋር እኩል ነው፥ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ይደርሳል ብዬ ከጠበቅሁት ቦታ 20 ሜትር ይርቃል። መርከቡ 100 ሜትር ርዝመት ካለው መካከሉን ባነጣጥር ልመታው እችላለሁ።

ርቀቱ ዐሥር እጥፍ ቢሆንስ? መዘግየቱ 20 ሰከንድ ይሆናል፤ ስሕተቱ ግን ዐሥር እጥፍ ሳይሆን መቶ እጥፍ ያድጋል፤ 2,000 ሜትር ይሆናል። ያውም ወደየትኛው ወገን እንደ ሸሸ አላውቅም፤ ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች፥ ወደ ቀኝ ይሁን ወደ ግራ። ጨረሬ እንደ መርፌ የቀጠነ ሲሆን ዒላማዬ የተሸሸገው በሁለት ኪሎ ሜትር ጭለማ ውስጥ ነው። ብርሃን አንድ ደቂቃ ከሚጓዝበት ርቀት ላይ ሆኜ ብተኵስማ ስሕተቱ 72 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ይኸውም ከአምቦ እስከ ጊንጪ ካለው መንገድ የሚበልጥ ነው። መድፉ ምንም ያህል ኀይለኛ ቢሆን ይህን አይፈውሰውም።

እንግዲህ ደራሲዎች ከብርሃን የሚቀድመውን ዐይን የፈለጉት ለዚህ ነው። ይሁን እንጂ ሒሳቡን እስከ መጨረሻው የሠራነው እንደ ሆነ አንድ ያልተጠበቀ ነገር ይወጣል። ዐይኑ ተሰጥቶኝ ጠላትን አሁን ባለበት አየሁት እንበል። ጨረሬ ግን እንደ ቀድሞው በብርሃን ፍጥነት ብቻ ይሄዳል። በዐሥር ሰከንድ ርቀት ላይ ላለው ጠላት መዘግየቱ ከ20 ወደ 10 ሰከንድ ይቀንሳል፤ ስሕተቱም ከ2,000 ሜትር ወደ 500 ሜትር። የአራት እጥፍ መሻሻል ነው፤ ነገር ግን የ100 ሜትር መርከብ አሁንም አይመታም።

የተተኰሰበትስ? የብርሃን ጨረር ሲመጣ አይታይም፤ መምጣቱን የሚነግርህ ብርሃን ከጨረሩ ጋር እኩል ነው የሚደርሰውና ያየኸው ጊዜ ተመታህ ማለት ነው። ከብርሃን የሚቀድም ዐይን ያለው መርከብ ግን ጨረሩ ከጠላት አፍ ሲወጣ ያየዋል፤ ለመሸሽም ሙሉ 10 ሰከንድ ያገኛል። ቀድሞ ዕውር ለነበረበት አደጋ አሁን ተመልካች ሆነ። ስለዚህ ፈጣኑ ዐይን፥ ፈጣን መድፍ እስካልተጨመረበት ድረስ፥ ከአጥቂው ይልቅ የሚጠቅመው ለተጠቂው ነው። ብዙዎቹ የጠፈር ታሪኮች ይህን ገልብጠው ነው የሚጽፉት። ዐይኑን ለአጥቂው ጀግና ይሰጡታል፤ እርሱም በአንድ ተኵስ ያሸንፋል። ተከላካዩም ያው ዐይን ቢኖረው ምን ይሆን እንደ ነበር የሚጠይቅ ደራሲ ጥቂት ነው።

«ይህ የሰሌዳ ላይ ሒሳብ ነው፤ በእውነተኛ ጦርነት እንዲህ ሆኖ ያውቃል?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። በአገራችን ሁለት ጊዜ ሆኗል።

የካቲት 22 ቀን 1888 ዓ.ም. ሌሊት ጄኔራል ባራቲዬሪ ጦሩን በጨለማ አስነሥቶ ወደ ዓድዋ ተራሮች ገሠገሠ። በእጁ የነበረው ዕውቀት ሁለት ዓይነት ነበር፤ ወሬና ካርታ። ወሬውን ካመጡለት አንዱ ባሻ አውዓሎም ሐረጎት ነበር፤ የኢጣሊያኖች ሰላይ መስሎ የምኒልክን ጉዳይ ይሠራ የነበረ ጐበዝ ነው። የኢትዮጵያ ጦር ስንቅ ፍለጋ ተበታትኗል ብሎ ነገራቸው። ካርታውም ከወሬው አይሻልም ነበር። በባራቲዬሪ ንድፍ ላይ ኪዳነ ምሕረት ተብሎ የተጻፈበት ኮረብታና የአገሩ ሰው እንዳ ኪዳነ ምሕረት የሚለው ኮረብታ የተለያዩ ነበሩ። ጄኔራል አልቤርቶኔ በመንገድ መሪዎቹ ቃል ወደ እውነተኛው ሄደ፤ ከጓዶቹም ብዙ ኪሎ ሜትር ተነጥሎ ብቻውን ከኢትዮጵያ ጦር ጋር ተገናኘ። በቦታው ቈሞ ይጠብቅ የነበረው የኢትዮጵያ ጦር ግን አገሩን ያውቃል፤ የቃፊሮቹም ወሬ ትኵስ ነበር። በማግሥቱ የካቲት 23 ቀን የሆነውን እናንተም ታውቃላችሁ።

ከ40 ዓመት በኋላ፥ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ፥ ነገሩ ተገለበጠ። በዚያ ቀን አጥቂው የኛ ጦር ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው መሩት። ምሽግ ይዞ የጠበቀው ማርሻል ባዶሊዮ ነበር። ጦራችን ሬዲዮ ነበረው፤ ሬዲዮ ደግሞ በብርሃን ፍጥነት የሚሄድ መልእክተኛ ነው። ችግሩ ይህ መልእክተኛ ወደ ወዳጅ ብቻ ሂድ ቢሉት አለመስማቱ ነው፤ በዙሪያው ሁሉ ይበተናል። ኢጣሊያኖች የሬዲዮ መልእክታችንን እየጠለፉ ያነቡ ነበርና ጥቃቱ እንደሚመጣ አስቀድመው ዐወቁ። የጥቃቱም ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ስለ ተላለፈ ምሽጋቸውን ለማጠንከር ጊዜ አገኙ። እርግጥ ነው፥ ያለዚያም የመርዝ ጋዝና አይሮፕላን ነበራቸውና ለሽንፈቱ ጠለፋውን ብቻ ምክንያት ማድረግ ፍርድ ማጕደል ነው። ነገር ግን ጦራችን ገና ከሰፈሩ ሳይነሣ ጨረሩ ከአፍ ሲወጣ ያዩት ያህል ነበር። ለተከላካይ የተሰጠ ፈጣን ጆሮ ማለት ይህ ነው።

ጆሮን ካነሣሁ ዘንድ፥ እውነተኛ የጠፈር ጆሮም በዚያን ጊዜዋ ኢትዮጵያ ምድር ላይ ተተክሎ እንደ ነበር ብዙ ተማሪ አያውቅም። እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1975 አስመራ ላይ በነበረው የአሜሪካኖች የቃኘው ጣቢያ ውስጥ ሁለት ታላላቅ ጐድጓዳ አንቴናዎች ቆመው ነበር፤ የአንዱ ስፋት 85 ጫማ፥ የሌላው 150 ጫማ። ሥራቸው የሶቪየት መንኰራኵሮች ከሩቅ ጠፈር ወደ ክሪሚያ የሚልኩትን ምልክት መስማት ነበር። አስመራ የተመረጠችበት ምክንያት ደስ ይላል፤ ከክሪሚያ በቀጥታ ወደ ደቡብ ብንወርድ ከአስመራ ብዙ አንርቅም፤ ስለዚህ ለክሪሚያ የወጣ መንኰራኵር ለአስመራም ሰማይ ላይ ነው። የሶቪየት መሐንዲስና የአሜሪካ አዳማጭ ያንኑ ያረጀ ምልክት በአንድ ጊዜ ይቀበሉ ነበር። ማንም ከማንም አይቀድምም፤ ብርሃን ለሁለቱም እኩል ዘገየ።

ወደ መጻሕፍቱ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1966 በቴሌቪዥን መታየት የጀመረው ስታር ትሬክ፥ መኰንኑ ሰሌዳውን አይቶ ወዲያው የሚመልስባቸው ታሪኮች ሁሉ አባት ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። በዚያው ዓመት ግን ኧርሱላ ለ ግዊን የምትባል ደራሲ «የሮካነን ዓለም» የተባለ መጽሐፍ አወጣች። በእርሷ ዓለም መልእክት በቅጽበት ከኮከብ ወደ ኮከብ የሚያደርስ፥ አንሲብል የሚባል መሣሪያ አለ፤ ሰው የሌለባቸው ቦምብ ጣይ መርከቦችም ብርሃንን ይቀድማሉ። እንግዲህ ፈጣን ቃልም ፈጣን ጥይትም አለ ማለት ነው። የሌለው ዒላማው ነው! የጠላት ሰፈር የት እንደ ሆነ የሚያውቅ የለም። ሮካነን የተባለው ሰው ያን ለማግኘት በማያውቀው ምድር ላይ እየተንከራተተ፥ ጓደኞቹን እያጣ፥ ረጅም ጕዞ ይጓዛል። በመጨረሻ በራሱ በጠላት አንሲብል ቦታውን ይጠቁማል፤ ሰፈሩም ይጠፋል። በመንገድ ላይ የሰውን ልቡና የመስማት ኀይል አግኝቶ ነበርና የሚሞቱትን ሰዎች ሞት እርሱም ሰማው። ይህን መጽሐፍ በጣም እወደዋለሁ። ማነጣጠርን የቍልፍ መጫን ሥራ አላደረገችውም።

ጃክ ካምቤል በሚል የብዕር ስም የሚጽፈው የቀድሞ የአሜሪካ ባሕር ኀይል መኰንን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 በጀመረው ተከታታይ መጽሐፉ ውስጥ ፈጣኑን ዐይን ጨርሶ ከልክሎታል። ሁለት የጦር መርከብ ጭፍሮች በአንድ ፀሐይ ዙሪያ ሲገናኙ እርስ በርሳቸው የሚያዩት ከብዙ ሰዓት በፊት የነበሩበትን ነው። አዛዡ «ጠላት አይቶናል?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ «ገና ነው፤ ብርሃናችን ከአራት ሰዓት በኋላ ይደርሰዋል» ዓይነት ነው። በእነዚያ ሰዓቶች ውስጥ ሰው ይበላል፥ ይተኛል፥ ይፈራል። ለእኔ ከማንኛውም ፍንዳታ ይልቅ የሚያስጨንቀው ይህ ነው።

የፊዚክስ ሊቃውንትስ ለምን ይከለክሉታል? አልበርት አይንሽታይን እ.ኤ.አ. በ1905 ባወጣው የአንጻራዊነት ትምህርት መሠረት፥ እርስ በርሳቸው በታላቅ ፍጥነት የሚተላለፉ ሁለት መንኰራኵሮች «አሁን» የሚሉት ቅጽበት አንድ አይደለም። ለአንዱ አብረው የሆኑ ሁለት ነገሮች ለሌላው አንዱ ቀድሞ ሌላው ተከትሎ የሆኑ ናቸው። ብርሃንን የማይቀድም መልእክት ይህን ልዩነት ፈጽሞ ሊጠቀምበት አይችልም። የሚቀድም መልእክት ግን ይችላል። አንደኛው መንኰራኵር በፈጣኑ መሣሪያ «ተኵሻለሁ» ብሎ ሲልክ፥ ሁለተኛው በራሱ «አሁን» መሠረት መልሶ ሲልክ፥ መልሱ ጥያቄው ከመላኩ በፊት ሊደርስ ይችላል። ራሱ አይንሽታይን ይህን እ.ኤ.አ. በ1907 አመልክቷል። በጦርነት ቋንቋ ስንናገረው፥ ጠላት ቃታው ሳይሳብ መተኰሱን ያውቃል። ጄምስ ብሊሽ የተባለ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1954 በጻፈው «ቢፕ» በተባለ አጭር ታሪክ ይህን ነገር በድፍረት ይዞታል። በቅጽበት የሚያገናኘው መሣሪያ መልእክት በተቀበለ ቍጥር መጀመሪያ ላይ አንዲት አጭር ጩኸት ታሰማለች፤ ሰዎቹ እንደ ጕድለት ቈጥረው ይንቋታል። ኋላ ሲመረምሯት በዚያች ጩኸት ውስጥ በዚያ መሣሪያ የተላከና ወደፊትም የሚላክ መልእክት ሁሉ ተጨምቆ ተገኘ። የነገን ወሬ ሁሉ የያዘ ሰው ግን ለመወሰን ምን ይቀረዋል?

እ.ኤ.አ. በ2011 ኢጣሊያ ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች ኒውትሪኖ የተባሉ ጥቃቅን ነገሮች 730 ኪሎ ሜትር ተጕዘው ከብርሃን በ60 የሰከንድ ቢሊዮንኛ ያህል ቀድመው እንደ ደረሱ ሲናገሩ ዓለም ሁሉ ተናወጠ። በሚቀጥለው ዓመት ምክንያቱ ተገኘ፤ በደንብ ያልጠበቀ አንድ ገመድ ነበር። በክበባችን ስብሰባ ላይ ይህን የነገርኋቸው ጊዜ የተቃራኒው ወገን መሪ የሆነችው ልጅ፥ «ገመዱ ባይጠብቅ ይሻል ነበር» አለች። በጣም ሳቅን።

የእኔን ሐሳብ ግን ያጸናው ፊዚክስ አይደለም። አያቴ ናት፤ እኛ ቤት አኮ ነው የምንላት። በ1969 ዓ.ም. ሶማሊያ ስትወርረን አያቴ ባል ሚሊሺያ ሆኖ በዚሁ በአምቦ መንገድ ላይ ባለው በታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥኖ ወደ ምሥራቅ ዘመተ። በኅዳር ወር 1970 ዓ.ም. ከሐረር ግንባር ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤው ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ በጥር ወር ቤት ደረሰ። አኮ ማንበብ አታውቅምና የጎረቤት ተማሪ አነበበላት። ደኅና ነኝ ይላል። ልጆቹን ይሳማል። ደግሞም ቀዩን በሬ ሽጪው፥ ለፋሲካ ስመጣ የተሻለ እገዛለሁ ይላል። እርሷም ባሏ እንዳዘዛት ቀዩን በሬ ገበያ አውጥታ ሸጠች፤ ቡናም አፍልታ ጎረቤት ጠራች። የሞቱ ወሬ የመጣው ከመጋቢት በኋላ ነው። ቀኑ ሲቈጠር ደብዳቤው ቤት ከመድረሱ በፊት፥ በታኅሣሥ ወር፥ ሞቷል። ያ ደብዳቤ ባዘዘው ቀን ትክክለኛ ትእዛዝ ነበር። በተፈጸመበት ቀን ግን ያዘዘው ሰው አልነበረም፤ የሚገዛው በሬም አይኖርም። በዚያ ዓመት የአኮን መሬት ያረሰላት ሰው እኩሉን እህል ወሰደ።

በክርክሩ መካከል አንድ ማታ ጠየቅኋት። «አኮ፥ አባባ የሞቱ ዕለት ወዲያው የሚነግርሽ መሣሪያ ቢኖር ትወጂ ነበር?» አልኋት። እኔ የጠበቅሁት ስለ ዕንባ ወይም ስለ ተስፋ እንድትነግረኝ ነበር። እርሷ ግን ብዙም ሳታስብ፥ «ዐውቄ ቢሆን በሬውን አልሸጠውም ነበር» አለችኝ። ወደ ምድጃዋም ተመለሰች።

ይህን ለክበቡ በነገርኋቸው ጊዜ ሁለቱም ወገን «ይኸው፥ ለእኛ መሰከረች» አለ። ተቃራኒዎቻችን «ፈጣን ዐይን ቢኖር በሬው ይተርፍ ነበር» አሉ፤ እውነት ነው። እኛም «ታሪኩ ታሪክ የሆነው ዐይኑ ስላልነበረ ነው» አልን፤ ይህም እውነት ነው። የኔ ፍርድ ግን እንዲህ ነው። ፈጣን ዐይን ለሚኖር ሰው ታላቅ በረከት ነው፤ ማንም ሰው በአኮ ፊት ቆሞ አይደለም ሊል አይገባውም። ለሚጻፍ ጦርነት ግን፥ ዐይኑን ለጀግናው በነጻ የሚሰጥ ደራሲ የአዛዡን ሥራ ሁሉ ይወስድበታል። ባረጀ ወሬ ላይ ቆሞ ለመወሰን የተገደደ ሰው ነው አዛዥ የሚባለው፤ ሁሉን የሚያይ ሰው ቈጣሪ ብቻ ነው።

በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው። በታሪካችን ውስጥ ከብርሃን የሚቀድመው ዐይን አንድ ብቻ ይኖራል። እርሱም የተከበበችው ከተማ ነው፤ ትልቅና ከባድ ስለ ሆነ በመርከብ አይጫንም። ጠላት የት እንዳለ ያሳያል፤ ማን እንደ ሆነ ግን አያሳይም። የዐይኑ ጠባቂ አንዲት ወጣት ስትሆን፥ ይህን ክፍል የምትጽፈው የገመዱን ነገር የተናገረችው ልጅ ናት። እኔ የምጽፈው የአጥቂውን መርከብ ነው። አዛዡ የሚያየው ከዐሥር ሰከንድ በፊት የነበረችውን ከተማ ነው። ከከተማዋ ወደ እርሱ የሚመጣ አንድ መርከብ አይቷል፤ የጦር ይሁን የሸሽቶች መለየት አልቻለም። ስለ ፈራም ጨረሩን ለቀቀ። አራተኛው ምዕራፍ እዚህ ላይ ቆሟል። ከተማዋ ውስጥ ያለችው ወጣት ጨረሩ ሲወጣ አይታዋለች፤ በመርከቡ ውስጥ ያሉት ግን አላዩም። ለእነርሱ ለመንገር ያላት ሬዲዮ በብርሃን ፍጥነት ብቻ የሚሄድ ነው። መርከቡ ከከተማዋ በሦስት ሰከንድ ርቀት ላይ ይገኛል፤ ጨረሩ ሊደርስበት የቀረው ሰባት ሰከንድ ነው።